ተነሺ፣ ግን አታንሺ

እኅቴ ከባሕር ማዶ ስትደውልልኝ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ገደማ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ውዬ፣ እራቴን ቀማምሼ፣ መጽሐፍ ይዤ ጋደም ብያለሁ። ድምጿ እንደ ወትሮው አልነበረም፤ ከጉሮሮ ብቻ የሚወጣ ሹክሹክታ ነበር። ሆዱን የታመመ ሰው ትንፋሹን እንኳ ቆጥቦ እንደሚያወጣ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

«ኦፕራሲዮን ሆኜ ነው» አለችኝ።

ደንግጬ ምን እንደ ነካት ጠየቅኋት። ሁለት ልጆች የተሸከመው ሆዷ ከወለደች ወዲህ ወደ ቦታው አልመለስ ብሎ ስላስቸገራት፣ ሦስት ዓመት ባጠራቀመችው ገንዘብ የሆድ ማጥበቂያ ቀዶ ሕክምና ማድረጓን ነገረችኝ። አራተኛ ቀኗ ነው። ባሏ ያገኘውን ጥቂት የዕረፍት ቀን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል። የአራት ዓመቷ ልጇ ነገሩ በመጠኑ ገብቷት ትታገሣለች። የሁለት ዓመቱ ልጅ ግን «እቀፊኝ» እያለ እግሯ ሥር ተደፍቶ ሲያለቅስ ይውላል። ጎንበስ ብላ እንዳታነሣው ሐኪሙ ከልክሏታል፤ እንዳትተወው ደግሞ አንጀቷ እንቢ ብሏታል። ለጓደኛም ለጎረቤትም አልተናገረችም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» ብላ።

እኔም፣ ግጥም እጽፋለሁ፣ የሰው ስሜት ይገባኛል የምለው ሰው፣ አንዲት ቃል ወረወርኩ።

«ታዲያ ማን አስገደደሽ?»

ጥቂት ዝም አለች። ቀጥላም «እውነትህን ነው» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሥራዬ አንድ ልማድ አለኝ፤ የቀኑ ሒሳብ አልገጥም ሲለኝ ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሼ ከሥሩ አየዋለሁ። ከእኅቴ ጋር ያለኝም ሒሳብ በዚያች ቃል ተዛብቶብኝ ነበርና፣ ነገሩን ከሥሩ ላየው ፈለግሁ። ይህ ቀዶ ሕክምና ከየት መጣ? ማን ጀመረው? ከተደረገ በኋላስ ሴቲቱን ማን አስታመማት? ውድ አንባቢ፣ ከዚህ የሚከተለው የዚያ ንባቤ ፍሬ ነው። የውጭውን ዓለም ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የሀገራችንን ሕግጋት ግን ዓ.ም. እያልኩ እጽፋለሁ።

*

አስቀድሞ ሆድ በእርግዝና ጊዜ ምን እንደሚሆን እንይ። ከጎድን አጥንት በታች ተነሥተው እስከ ብልት አጥንት ድረስ በቀኝና በግራ የሚወርዱ ሁለት ረጃጅም ጡንቻዎች አሉ። መካከላቸውን የሚያያይዘው ነጭ ጅማታማ መስመር ነው። ፅንሱ ሲያድግ ይህ መስመር እየሳሳና እየሰፋ ይሄዳል፤ ጡንቻዎቹም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሸሻሉ። ከወሊድ በኋላ በብዙዎቹ ሴቶች ክፍተቱ በወራት ውስጥ ይጠባል። በአንዳንዶቹ ግን ሳይገጥም ይቀራል። ቆዳውም ከልክ በላይ ከተለጠጠ ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም፤ ጾምም ሆነ ስፖርት የላላ ቆዳን አያሳጥርም። እኅቴን በሥራ ቦታ ሳይቀር «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ብለው ይጠይቋት የነበረው ስለዚህ ነው።

ሐኪሙ የሚያደርገው ይህን ነው። ከአንዱ ዳሌ እስከ ሌላው ዳሌ ከእምብርት በታች አግድም ይቀዳል። ቆዳውን ከሥር እየለቀቀ ወደ ላይ ያነሣል። የተለያዩትን ጡንቻዎች መካከላቸው ላይ በጠንካራ ክር ሰፍቶ ያቀራርባል። ከዚያም ቆዳውን ወደ ታች ስቦ የተረፈውን ቆርጦ ይጥላል፤ እምብርቱንም በአዲስ ቀዳዳ ያወጣዋል። ሰው ከዚህ ሲነቃ ከቁስሉ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያወጡ ቱቦዎች ከጎኑ ተንጠልጥለው ያገኛል። ለተወሰኑ ቀናት ጎብጦ ይራመዳል፤ ጉልበቱን አጥፎ፣ ትራስ ደራርቦ፣ በጀርባው ይተኛል። ለስድስት ሳምንት ያህልም ከአራትና ከአምስት ኪሎ በላይ አያነሣም። የሁለት ዓመት ልጅ ግን አሥራ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል። የእኅቴ መከራ በዚህ በአራትና በአሥራ ሁለት መካከል ነበር።

*

የቀዶ ሕክምናው ታሪክ በሐኪሞች ስም የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890 ዴማር እና ማርክስ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከአንድ ሰው ሆድ ላይ ብዙ ቆዳና ስብ ቆርጠው ማውጣታቸውን ጻፉ። በ1899 ደግሞ አሜሪካዊው የማሕፀን ሐኪም ሃዋርድ ኬሊ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ያደረገውን ተመሳሳይ ሥራ ይፋ አደረገ። ከአንዲት ሴት ሆድ ላይ ያነሣው ቆዳና ስብ ከ7 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር። የተቆረጠው በግራም ተመዝኖ፣ ቁመቱና ወርዱ በሴንቲሜትር ተለክቶ ለታሪክ ቀርቷል። እኅቴ የምትኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ ከባልቲሞር በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ናት። ታሪኩ ሩቅ ሀገር የተደረገ ቢመስለኝም፣ ለእሷ የጎረቤት ታሪክ ነበር።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዘመናት ዋናው ሐሳብ ሸክምን ማቅለል ነበር፤ የተንጠለጠለ ሆድ መራመድን ይከለክላል፣ ከሥሩም ቆዳው ይቆስላል። መልክ ገና ሁለተኛ ነገር ነበር። ለዚህም ማስረጃው የእምብርት ታሪክ ነው። የቀደሙት ሐኪሞች ቆዳውን ሲቆርጡ እምብርቱንም አብረው ቆርጠው መጣላቸው የተለመደ ነበር። እምብርት ደግሞ ለእኛ ተራ ጠባሳ አይደለም። አንድ ሰው ሀገሩን ሲጠራ «እትብቴ የተቀበረበት» ይላል፤ እትብቱ ሲቀበር በገላው ላይ የቀረው ምልክት እምብርቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ጎዴ እና ሞሬስተን የተባሉ ሐኪሞች እምብርቱን ሳይጥሉ የሆድን ቀዳዳ መዝጋት እንደሚቻል በፈረንሳይ የቀዶ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ አስረዱ። ሞሬስተን የማርቲኒክ ደሴት ተወላጅ ነው፤ ኋላ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን በመጠገን ስሙ ገነነ። በ1924 በቺካጎ ይሠራ የነበረው ማክስ ቶሬክ እምብርትን ለማቆየት የራሱን ዘዴ አቀረበ። በ1957 ቬርነን የተባለ ሐኪም እምብርቱ በቦታው ሳለ ቆዳው ብቻ ተስቦ በአዲስ ቀዳዳ እንዲወጣ የሚያደርገውን ስልት ገለጸ፤ ዛሬም የሚሠራበት በመሠረቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ሐኪሞቹ የእናት ምልክት ከሰው ገላ ላይ እንዳይጠፋ መጠንቀቅን እስኪለምዱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ የታሪኩ መናኸሪያ ወደ ብራዚል ተሻገረ። ኢቮ ፒታንጊ በሪዮ ዴ ጃኔሮ እ.ኤ.አ. በ1967 የ300 ሕሙማኑን ውጤት አሳተመ። ጠባሳው ዝቅ ብሎ ከውስጥ ልብስ ሥር እንዲደበቅ የሚያደርግ አቀዳደድም አስፋፋ። ይህ ሰው የባለጸጎች ሐኪም ተብሎ ይታወቅ እንጂ፣ በዚያችው ከተማ በሳንታ ካዛ ሆስፒታል ድኾች በነጻ ወይም በጥቂት ገንዘብ የሚታከሙበት ክፍል አቋቁሞ ነበር። በታኅሣሥ 1961 በኒቴሮይ ከተማ የሰርከስ ድንኳን ተቃጥሎ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ይልቁንም ሕፃናት፣ ባለቁ ጊዜ የተቃጠሉትን ካከሙት አንዱ እሱ ነው። ገላውን አይቶ ማዘን የባለጸጋ ብቻ ዕጣ አይደለም፤ ድኻም ደስ የሚለው ገላ ሊኖረው ይገባዋል ብሎ ያምን ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ «ማን አስገደደሽ?» ያልኳት ቃል መጀመሪያ ቆረቆረችኝ። እኔ ለእኅቴ የነፈግኋትን፣ አንድ ባዕድ ሰው ለማያውቃቸው የሪዮ ድኾች ሰጥቷቸዋል።

በ1977 ፈረንሳዊው ኢቭ ዤራር ኢሉዝ ስብን በቱቦ መምጠጥን ጀመረ፤ በ2001 ብራዚላዊው ሳልዳኛ ሁለቱን ስልቶች አጣምሮ አቀረበ። እንዲህ እንዲህ እያለ የቢላዋው ታሪክ ሲራቀቅ እስከ ዛሬ ደርሷል።

*

ይሁንና ከቢላዋው ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ታሪክ አለ፤ የአልጋ ታሪክ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመትና በሃያኛው መባቻ ሆዱ የተቀደደ ሰው ሁለትና ሦስት ሳምንት ከአልጋ አይወርድም ነበር። ስፌቱ እንዳይፈታ ተብሎ ነው። ነገር ግን ብዙዎች ቁስላቸው ደህና እየሆነ ሳለ በድንገት ይሞቱ ነበር። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርሖው በ1850ዎቹ ምክንያቱን መርምሮ አሳየ፤ በእግር ሥር ደም ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳምባ ይወጣል፤ መንገዱንም ይዘጋል። ሰውን ከቁስሉ ይልቅ መተኛቱ ይገድለው ነበር ማለት ነው።

ኬሊ ያን ሥራውን ይፋ ባደረገበት በዚያው በ1899፣ በቺካጎ የነበረው ኤሚል ሪስ ሆዳቸው የተቀደደ ሴቶችን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአልጋ ማስነሣት እንደሚበጅ ጻፈ። ሰሚ አላገኘም፤ ሐኪሞች አርባ ዓመት ያህል በአሮጌው ልማድ ጸኑ። ልማዱን የሰበረው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። አልጋ ጠፋ፣ አስታማሚ ጠፋ፤ ቁስለኛውም ወዶ ሳይሆን ተገዶ ቶሎ ተነሣ። ሲነሣም ሞቱ ቀነሰ እንጂ ስፌቱ አልተፈታም። የዲትሮይቱ ዳንኤል ሌይትሃውዘር በ1946 ስለዚሁ ጉዳይ መጽሐፍ አሳተመ፤ ቶሎ መነሣትም ደንብ ሆነ። የሆድ ማጥበቂያ ለመልክ ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች መካከል የደም መርጋት አደጋው ከበረቱት አንዱ ነውና፣ እኅቴም በተቀደደችበት ዕለት ማታ ተደግፋ እንድትራመድ ታዝዛለች።

እንግዲህ የሁለቱ ታሪኮች ትእዛዝ በአንዲት ሴት ላይ ሲገናኝ እንዲህ ይላል፤ «ተነሺ፣ ግን አታንሺ።» ደምሽ እንዳይረጋ ተነሺ፤ ስፌትሽ እንዳይበጠስ አታንሺ። በቋንቋችን ሁለቱን ቃላት የሚለያቸው ጥቂት ፊደል ነው። ልጅ ለሌላት ሴት ነገሩ ቀላል ነው። ልጅ ላላት ግን ከባድ ፈተና ነው፤ እናት ከአልጋዋ ተነሥታ ስትራመድ ያየ ሕፃን፣ እሱን የማታነሣበት ምክንያት አይገባውም። ተኝታ ብትቀር እንኳ ታማለች ይል ነበር፤ ቆማ ስትሄድ ግን ጠላችኝ ይላል።

ስፌቱን ለማጽናት ደግሞ አቋራጭ የለም። የተሰፋ ገላ በሦስተኛው ሳምንት ያለው ጥንካሬ ከቀድሞው ሩብ ያህል ቢሆን ነው፤ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ግማሽ ይደርሳል፤ ወራት ቢቆጠሩ እንኳ ከሰማንያ በመቶ እምብዛም አያልፍም። ቢላዋው በመቶ ሠላሳ ዓመት ሲራቀቅ ገላ የሚጠግግበት ጊዜ አላጠረም። ታዲያ በእነዚያ ስድስት ሳምንታት ልጁን ማን ያዘው? ኬሊ የቆረጠውን መዘነ እንጂ ሴትዮዋ ልጆች እንዳሏት፣ ካሏትም ማን እንዳበላቸው የጻፈልን ነገር አላገኘሁም። ፒታንጊ 300 ሕሙማን ቆጠረ፤ ለእነዚያ 300 ሰዎች ወጥ የሠሩትን፣ ልጅ ያዘሉትን፣ ልብስ ያጠቡትን ግን ማንም አልቆጠረም።

*

ፍለጋዬን ልተው ስል አንዲት ጽሑፍ ላይ ደረስኩ፤ ስለ ማጥበቂያ ሳይሆን ስለ ሌላ የሆድ ቀዶ ሕክምና ናት፤ የተጻፈችውም ስለ አህጉራችን ነው። ሮበርት ፌልኪን የተባለ እንግሊዛዊ የሕክምና ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1879 በዛሬይቱ ኡጋንዳ፣ በቡንዮሮ ግዛት፣ ካሁራ በተባለ ስፍራ ያየውን በ1884 በኤዲንብራ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። በምጥ የተያዘች ሃያ ዓመት ገደማ የሆናት ሴት ነበረች። የሀገሬው ቀዳጅ የሙዝ ጠጅ አጠጥቶ አደነዘዛት፤ እጁንና ሆዷንም በዚያው ጠጅ አጠበ። ሆዷን ቀድዶ ሕፃኑን አወጣ፤ ደሙን በጋለ ብረት አቆመ፤ ቁስሉን በሰባት ቀጫጭን የብረት ወስፌዎች ገጥሞ፣ ሥር ታኝኮ የተዘጋጀ መድኃኒት ለጠፈበት፤ በላዩም የሙዝ ቅጠልና የዛፍ ልጥ ጨርቅ ጠመጠመ። በስድስተኛው ቀን የመጨረሻዎቹ ወስፌዎች ተነቀሉ፤ በአሥራ አንደኛው ቀን ቁስሉ ጠገገ።

ፌልኪን የተደነቀው በቀዳጁ ጥበብ ነው፤ ያነበቡትም ሁሉ እስከ ዛሬ የሚደነቁት በዚሁ ነው። እኔን ግን ያስቆመችኝ ሌላ አንዲት ነገር ናት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት እናቲቱ በቂ ወተት ስላልነበራት፣ ሕፃኑን በብዛት ያጠባችው አንዲት ወዳጇ ነበረች ይላል። ስሟ አልተጻፈም። ከየት እንደ መጣች፣ የራሷን ልጅ ለማን ትታ እንደ መጣች አይናገርም። አንድ ቃል ብቻ፤ «ወዳጅ።» የፈለግኋት እሷን ነበር። ቁስሉ በአሥራ አንደኛው ቀን የጠገገው በወስፌውና በሥሩ ብቻ አይደለም፤ አሥር ቀን ሙሉ ጡቷን ለሰው ልጅ የሰጠች ሴት ስለ ነበረችም ነው። ያቺ ወዳጅ ባትኖር ኖሮ እናቲቱ ከነቁስሏ ተነሥታ ልጇን ማባበሏ የት ይቀር ነበር?

*

ወዲያው ሐሳቤ ወደ ሀገሬ ተመለሰ። እኛ ለዚህች ወዳጅ ሥርዓት ሠርተንላታል፤ አራስ ጥየቃ ብለን። በእኛ ዘንድ የወለደች ሴት ስም አላት፤ አራስ ትባላለች። በሩን ከፍቶ የሚገባ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላታል። ገንፎው ይገነፋል፤ ቅቤው መካከሉ ላይ ይፈስሳል፤ አጥሚቱ ይሞቃል። ሆዷ በመቀነት ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል፤ ዛሬ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚያስለብሱትን ማጥበቂያ ሳየው ትዝ ያለኝ ይኸው የእናቶቻችን መቀነት ነው። አራስ ውኃ አትቀዳም፣ እንጨት አታነሣም፤ ትልቁን ልጇን አክስቱ ወይም ጎረቤት ትይዝላታለች። በእርግጥ ይህ ሥርዓት ለሁሉም እኩል አልደረሰም፤ በወለደች በሳምንቷ እንስራ ያዘለች፣ ማጭድ የጨበጠች ድኻ ሴት በሀገራችን ጥቂት አይደለችም። ቢሆንም ደንቡ ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ደንቡ ሲጣስም ነውር መሆኑ ይታወቃል።

የቀኖቹም ቁጥር አስገረመኝ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ የወለደች ሴት የምትቆይበት ዘመን 7 እና 33 ሲደመር 40 ቀን ነው፤ ሴት ለወለደች እጥፉ፣ 80። ሙሉ ቃሉ በግእዝ ብቻ ተጠብቆ የቆየው መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት እንደ ገቡ ይናገራል፤ በቤተ ክርስቲያናችን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና መነሣቷ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሙስሊም ወገኖቻችንም ዘንድ አርባ ቀን ለአራስ የታወቀ ቁጥር ነው። ፒታንጊ በኖረበት ብራዚልም ወላዶች አርባ ቀን የሚጠበቁበት ልማድ አለ። የቀዶ ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ደግሞ 42 ቀን ነው። አባቶች ይህን ያዘዙት ስለ ስፌት ክር አስበው ነው ለማለት አልደፍርም፤ እነሱ የሚናገሩት ስለ ንጽሕናና ስለ ምስጢር ነው። ነገር ግን ገላ የተከፈተበት ሰው እንደ ገና ለመገጠም አርባ ቀን ያህል የሰው እጅ እንደሚያስፈልገው፣ ሥርዓቱ ምክንያቱን ሳይነግረን አስለምዶናል።

ሕጉም ቢሆን ወላድን በስም ያውቃታል። በባንክ ቤት የፈቃድ ማመልከቻ በጠረጴዛዬ ሲያልፍ አያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ዓ.ም. ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ይሰጥ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዓ.ም. ኋለኛውን ወደ 90 ቀን አሳደገው፤ ለአባትም ሦስት ቀን ጨመረለት። እኅቴ ባለችበት ሀገር የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ያስፈቅዳል፤ ለመልክ የሚደረግን ሕክምና ግን፣ ሆስፒታል ካላስተኛ ወይም ሌላ ጠንቅ ካላስከተለ በቀር፣ ከቁጥር አያስገባውም። መድን ድርጅቶችም ባብዛኛው ገንዘቡን አይከፍሉም። እነሆ፣ ሆዷ ያው በልጆቿ ምክንያት የተለያየ፣ ቁስሏ ከወላድ ቁስል የማያንስ ሴት፣ በሕግም በባህልም ስም የላትም። አራስ አትባልም፤ ገንፎ አይገነፋላትም። በሽተኛ አትባልም፤ ማንም አይጠይቃትም። ለራሷ ፈቅዳ ያደረገችው ነውና እንድታፍር ብቻ ይጠበቅባታል። እኅቴ በዚያ ሀገር የምትተዳደረው አረጋውያንን በመንከባከብ ነው፤ ሰው እያነሣች የኖረች ሴት፣ እሷን የሚያነሣ ስትፈልግ ያገኘችው የእኔን «ማን አስገደደሽ?» ነበር።

*

ነገሩን ለእናቴ የነገርኳት በማግሥቱ ነው። አልተቆጣችም፤ «ማን አለ ከጎኗ?» አለች ብቻ። ማንም እንደሌለ ስነግራት ስልኩን ከእጄ ተቀብላ እኅቴ ዘንድ አስደወለችኝ። ምን እንደ ተባባሉ ሁሉንም አልሰማሁም። ከንግግሯ ማብቂያ ግን ይህቺ ትዝ ትለኛለች፤ «ልጄ፣ ነውሩ መታከምሽ አይደለም፤ ነውሩ በርሽን መዝጋትሽ ነው። በሩን ክፈቺ።»

በሩ ተከፈተ። እዚያው ሕንፃ ላይ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው የሚኖሩ አንዲት ዕድሜ ጠገብ የጎንደር ሴት አሉ። እኅቴ እያፈረች ነገረቻቸው። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ወጡ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ በነጠላቸው ሸፍነው ገንፎ ይዘው ተመለሱ። «እማማ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም» ብትላቸው፣ «ሆዷ የተቀደደ ሁሉ አራስ ናት፤ ዝም ብለሽ ብዪ» አሏት። የሁለት ዓመቱን ልጅ በዚያው ነጠላ አዘሉት፤ ጥቂት ተወዛውዞ ጀርባቸው ላይ አንቀላፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌሎቹም ሰሙ፤ አንዷ ትልቋን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ ሌላዋ ልብስ ታጥባለች። ልጁም አዲስ ሥርዓት ተማረ፤ እናቱ ሶፋው ላይ ትቀመጣለች፣ ሰው አንሥቶ ከጎኗ ያስቀምጠዋል፣ እሱም ራሱን በትከሻዋ ላይ ያሳርፋል። ማንሣት ቀረ እንጂ ማቀፍ አልቀረም።

ስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ደወልኩላት። ያነበብኩትን ሁሉ፣ ስለ ባልቲሞርም፣ ስለ እምብርቱም፣ ስለዚያች ስሟ ስላልተጻፈ ወዳጅም አወራኋት። ይቅርታም ጠየቅኋት። «ይቅርታህን ምን አደርገዋለሁ? ልጅ የሚይዝ እጅ ነበር የቸገረኝ» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያው፣ «አታስቀኝ፤ ስፌቴን ትፈታዋለህ» አለች።

የቢላዋው ታሪክ ስም አለው፤ ዓመትም አለው። ልጁን የያዘው እጅ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም። እኔ መዝጋቢ ነኝና፣ አቅሜ በፈቀደ እዚህ ላይ መዘገብኩት። እንደ ልማዴም በአራት ስንኝ ልሰናበት።

ስለት የቀደደው በመርፌ ይሰፋል፣
የተሰፋው ገላ በቀን ብዛት ያርፋል፤
የሚያለቅሰውን ልጅ ማን አንሥቶ ያቅፋል?
ጎረቤት ካልገባ ሌሊቱ መች ያልፋል?

ቸር ይግጠመን።